የተቀባው ወረንጦ

እኛ ሕንድ አገር፣ ማይሶር ከተማ ውስጥ የመሣሪያ በዓል ሲደርስ ሥራ የለም። አውቶቡሱ፣ የስፌት መኪናው፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ ቀይ ዱቄት ተቀብቶ፣ የአበባ ጉንጉን አጥልቆ ይውላል። ዓመቱን ሙሉ በአማልክት ሲያላግጡ የሚከርሙት የዩኒቨርሲቲያችን የፊዚክስ ሊቃውንትም የዚያን ቀን ማሽናቸውን ለማስቀባት ይጋፋሉ። ጀግኖች!

ፕሮፌሰር ሱማንጋላ ሄባር አታላግጥም፣ አትጋፋም። ዚንክ ኦክሳይድ በሚባል ነጭ ዱቄት ላይ ትንሽ ኮባልት ጨምራ ምድጃ ውስጥ ትጋግራለች። ዱቄቱ እንደ ኮምፒውተር ቺፕ ሁሉ የኤሌክትሪክ ከፊል አስተላላፊ ነው። እሷ ደግሞ ማግኔት እንዲሆንላት ትፈልጋለች፤ ያኔ የኤሌክትሮኑን ሽክርክሪት ጭምር አዝዞ መረጃ ማሸከም ይቻላል። ስፒንትሮኒክስ የሚሉት ይህንን ነው። ዱቄቱ ግን እምቢ እንዳለ ፀጉሯ ሸበተ። ባልደረቦቿ «ዳቦ ጋጋሪዋ» ይሏታል። እነሱ ከስብሰባ በቀር የጋገሩት የለም።

አምና በዓሉ ባለፈ ማግስት መለኪያው ማሽን ጉድ አሳየ፦ ማግኔት! ዲናችን ናጋቡሻና ነገሩ ሳይገባው ጋዜጠኛ ጠራ፣ ጣፋጭ አዘዘ።

«እህቴ፣ ነገ መድረኩ ያንቺ ነው። የሐር ሳሪሽን ልበሺ!»

ሱማንጋላ ግን ደስታው አልዋጥላት አለ። ዱቄቱ ያው፣ ምድጃው ያው፤ ታዲያ ዛሬ ምን አገኘው? ዕቃዎቿን አንድ በአንድ ስትፈትሽ ናሙና የምታነሳበት ወረንጦ መጋጠሚያው ላይ ቀልቶ አገኘችው።

«ማሪስዋሚ! ይሄን ማን ቀባው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ የላቦራቶሪው ሠራተኛ። «ሁሉ ሲባረክ ወረንጦው ምን በደለ?»

ቀዩን ዱቄት ብቻውን ለካችው፤ ብረት ያለበት ርካሽ ቀለም ኖሮ ማግኔት ሆኖ ቁጭ አለ። አዲስ ናሙና በንጹሕ የፕላስቲክ ወረንጦ አንስታ ስትለካ ምንም የለም፤ ለካ ማግኔቱ ከወረንጦው ናሙናው ላይ የተራገፈው ቀለም ነበር።

ይህን ስትነግረው ዲኑ በሩን ዘጋ። «ማን ያውቃል? ዝም ብትይስ?»

«ጋዜጠኞቹ እንምጣ ካሉ ይምጡ፤ ወረንጦውን አሳያቸዋለሁ። ማግኔት የሆነው እሱ ነው።»

ዲኑ ደውሎ ጋዜጠኞቹን አስቀራቸው። ጣፋጩ ግን መጥቶ ነበርና «ዳቦ ጋጋሪዋ» እያሉ ሲስቁ የከረሙት ሁሉ አፋቸውን ሞልተው ዝም አሉ። እሷ ሁለት በላች፣ አንድ ለማሪስዋሚ ሰጠች፣ እጇን በሳሙና ታጥባ እያንጎራጎረች ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።

ዘንድሮ በዓሉ ሲደርስ የብረቱን ወረንጦ ራሷ ቀባችው። ጡረታ ወጥቷል፤ ከምድጃው በላይ አበባ አጥልቆ ተሰቅሏል። ከዲናችን ይልቅ ለሳይንስ የሠራ እሱ ነው።