ቅቤ የነካው ክር

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ለንደን፣ አርችዌይ አጠገብ ካለች አንዲት ጠባብ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ሻጩ ልጅ አዲስ የተጎነጎነ የመንጠቆ ክር ከነጥቅሉ ሲያቀብለኝ አፍንጫዬ ከዓይኔ ቀደመ። ሌላው ሰው ክር ሲገዛ ቀለሙን ያያል፣ ውፍረቱን ይጠይቃል፤ እኔ አሸተትኩት። ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ክሩ እንዳይሻክር ሰም ተቀብቷል፤ የሰሙ ሽታ ደግሞ ቁርጥ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ። በአንድ እጄ ክር፣ በሌላው ዣንጥላ እንደያዝኩ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ተንሸራትቼ ሃክኒ፣ አራተኛ ፎቅ፣ እትዬ ዘነበች ጉልበት መሃል ዘጭ አልኩ።

ጉልበት መሃል ያልኩት ለማሳመር አይደለም። የልጅነቴ ቅዳሜዎች ያለቁት እዚያ ነው። ፀጉሬ በወር ሁለት ማበጠሪያ ይበላ ስለነበር እናቴ እጅ ሰጥታ፣ ከእኛ ሦስት በር ዘልቀው ለሚኖሩት ለእትዬ ዘነበች አስረከበችኝ። እሳቸው በአዘቦቱ ቀን ቢሮ ያጸዳሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ሴት ልጅ ሁሉ ሹሩባ ይሠራሉ። ወለል ላይ ያስቀምጡኛል፤ ጭንቅላቴን በሁለት ጉልበታቸው ጥርቅም አድርገው ይይዙታል፤ በመዳፋቸው ቅቤ ያቀልጣሉ፤ ከዚያ ጉተታው ይጀመራል። ከመጥበቁ የተነሳ ቅንድቤ ወደ አናቴ ይሰደድና እስከ ረቡዕ አይመለስም ነበር። ሰኞ ሰኞ አስተማሪዬ "ምን አስደንግጦሽ ነው?" ትለኝ ነበር።

ክፍላቸው ዛሬም ይታየኛል። በሩ ሥር ሳንቲም የሚጎርሰው የጋዝ ቆጣሪ ይንጣጣል፤ መስኮቱ ላይ አንቴናው በሽቦ የተጠገነ ራዲዮ አለ፤ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ሌላ ሴት መጥረጊያ በምታቆምበት ቦታ፣ ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች ቆመዋል። እትዬ ዘነበች ያደጉት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። አባታቸው ካረጀ የመኪና ጎማ ውስጥ ናይለን እየመዘዙ መረብ የሚሠሩ ሰው ስለነበሩ፣ ልጅቷ ከአሻንጉሊት በፊት የጨበጠችው ክር ነው። ለንደን መጥተው ዘመድ አላገኙም፣ ባል አላገኙም፤ ባሕር ግን አገኙ። የዕረፍት ቀናቸው ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ በባቡር ሳውዝኤንድ ይወርዱና፣ ባሕሩ ውስጥ ዘልቆ በሚገባው ረጅም ድልድይ ጫፍ ቆመው ሲ ባስ የሚባለውን ብርማ ዓሣ ያሳድዱ ነበር። ድልድዩ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ነው ይላሉ፤ በእኔ የልጅ እግር ግን ዝዋይ ያደርሳል።

ማሳደዱ እንጂ መያዙ አልሆነላቸውም። ከሱቅ የሚገዙት አንድ ወጥ ናይለን እንደ ላስቲክ ይለጠጥ ነበር። ዓሣው ትሉን በልቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ለሚስቱ ደህና ዋይ ብሎ ከሄደ በኋላ ነው ወሬው እሳቸው ጣት ዘንድ የሚደርሰው።

ነገሩ የከረረው በሐምሌ ነው። እናቴና እትዬ ዘነበች የአንድ የሚካኤል ማህበር አባላት ነበሩ። በየወሩ በባለተራው ቤት ሠላሳ የምንሆን ሰዎች አሥር ሰው በማይበቃ ሳሎን ውስጥ እንታጨቃለን። ለእኛ ማህበሩ ማህበር ነበር፤ ለእትዬ ዘነበች ግን ቢታመሙ የሚጠይቃቸው፣ ቢሞቱ የሚቀብራቸው እሱ ብቻ ነው። የነሐሴው ተራ የእሳቸው ሆነ፤ ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ ጾም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በማህበራችን ሦስት ዓመት ፈጅቶ፣ ሁለት ሰው አኳርፎ፣ "ይበላል" ተብሎ ተዘግቷል።

"እንግዲህ በነሐሴ ምስር ነው" አሉ ጋሽ ወርቁ። ጋሽ ወርቁ የማህበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው ነበሩ፤ አውቶቡስ ነጂ ስለሆኑ ሰውን ሁሉ እንደ ተሳፋሪ ነው የሚያዙት።

"ዓሣ ነው" አሉ እትዬ ዘነበች።

"ከየትኛው ሱቅ?"

"በእጄ አውጥቼ።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። "ወይዘሮ ዘነበች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ባሕሩን ትል ሲቀልቡ እንጂ ዓሣ ሲያመጡ አላየንም!"

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካከሉ። "በእጄ ያወጣሁት ዓሣ ካልቀረበ ስሜን ከማህበሩ ፋቁት።"

ሳቁ ቀጥ አለ። እናቴ በክርኗ ጎሸመቻቸው፤ ቃሉ ግን በሚካኤል ሥዕል ፊት ወጥቷል፣ የሚመልሰው የለም።

በማግስቱ የክር ምርጫ ተጀመረ። ዳልስተን ገበያ ላይ ያለ ክር በሙሉ ቤታቸው ገባ፤ የመጋረጃ፣ የሹራብ፣ የጥርስ ማጽጃ ሳይቀር። እያንዳንዱን በበሩ እጀታ ያስሩና ካውያ ያንጠለጥሉበታል። ጥጡ ውሃ ሲነካው አበጠ። ሐሩ ካውያውን ለቆት የታች ቤቱ ሰውዬ አምፖል ረገፈ። ያሸነፈው ጫማ ሰፊዎች የሚሰፉበት ቀጭን ናይለን ነው። በስንት ይጎንጎን? በስምንት ሞከሩት፤ ለስላሳ፣ ድቡልቡል፣ ለሙሽራ የሚሆን ወጣ። የበረንዳው ጡብ ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲፈትጉት ግን ተሟጨቀ። በአራት የተጎነጎነውን ፈተጉት፤ ሻከር አለ እንጂ አልተበገረም።

"ስምንቱ ስስ ናቸው፤ አንዱ ሲነካ ሁሉም ይደነግጣሉ" አሉኝ። "አራት ይሁን። አራቱ ይተዋወቃሉ።"

አርባ ሜትር ጎነጎኑ። እኔ ወለል ላይ ተቀምጬ ጫፉን በጥርሴ ይዤላቸው ነበር፤ ለአንድ ቅዳሜ ጭንቅላቴ እረፍት አገኘ። ሲጨርሱ፣ እጃቸው እንደለመደው፣ ቅቤ አቅልጠው ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሹት። ሹሩባ ያለ ቅቤ ይሰባበራል። ያደረገው እጃቸው ነው፤ ሐሳባቸው ዓሣው ጋ ነበር።

ማህበሩ እሁድ ሊሆን ሐሙስ ወረዱ። አመሻሹ ላይ በራችንን በእግራቸው አንኳኩ፤ እጃቸው አልተመቸማ። ያቀፉት ዓሣ የእኔን ቁመት ያህላል። እሺ፣ ግማሼን። ብሩ ገና ያበራል፣ ባሕር ባሕር ይሸታል፣ በመከፋት አፉን ከፍቷል። እናቴ እልል አለች።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ወርቁ ወሬውን ሰምተው ሊያዩ መጡ። ዓሣው ፍሪጅ ስላልበቃው ጅራቱ ወጥቶ በሩ በገመድ ታስሯል። "ወይ ጉድ! ይሄ ዓሣ ነው አዞ?" አሉ። የእትዬ ዘነበች አንገት አንድ ስንዝር ረዘመ። እኔ ግን ሰው ሲገረም ማጋነን ካልጨመርኩበት የሚያሳክከኝ ልጅ ነበርኩ፤ አሁንም አልዳንኩም።

"እትዬ ክሩን በቅቤ አሽተውት እኮ ነው እንዲህ ጥርግ አድርጎ የያዘው! አንድ ኪሎ ቅቤ!"

ጋሽ ወርቁ ዞር አሉ። "በምን?"

"በቅቤ" አልኩ፣ ድምፄ እየቀነሰ።

"ወይዘሮ ዘነበች። በፍልሰታ? በቅቤ?"

"የቀባሁት ክሩን ነው፤ ዓሣውን አልቀባሁት።"

"ክሩ መንጠቆውን ነካ፤ መንጠቆው አፉን ነካ፤ አፉ ደግሞ ዋጠ። ይሄ ዓሣ ሳይጾም ነው የሞተው!" እኔ ልስቅ ስል እሳቸው አልሳቁም። "ለእኔ ቢሆን ግድ የለኝም። ግን እዚያ ቤት ለመቁረብ የሚጾሙ ስንት ሕፃናት አሉ። የእናቶቻቸውን አፍ በምን እዘጋዋለሁ?"

እትዬ ዘነበች ይከራከራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ዓሣውን አዩት፣ መዳፋቸውን አዩት። "ልክ ነዎት" አሉ።

በሩ ሲዘጋ ግድግዳው ውስጥ መግባት ፈለግሁ። እናቴ ቀስ ብላ "ከገበያ እንግዛና ማን ያውቃል?" አለች።

"ሚካኤል ገበያ አይወጣም መሰለሽ?" አሉ እትዬ ዘነበች።

ዓሣው ላይኛው ፎቅ ለሚኖሩት ለወሎዬዋ ለእማማ ዘሃራ ተላከ። እማማ ዘሃራ ተቀብለው "አላህ ይስጣት! በየሳምንቱ ተሳሳቱልኝ በያቸው" አሉኝ።

ስመለስ እትዬ ዘነበች የብስኩት ቆርቆሯቸውን ከፍተው የቀረውን ናይለን አውጥተዋል። በጥፊ የሚሉኝ መስሎኝ ጉንጬን አዘጋጀሁ። የክሩን ጫፍ ሰጡኝና "ያዥ" አሉ። በቃ። ከዚያ በፊት በሳሙና ሦስቴ ታጥበዋል፤ እጃቸው ነጭ እስኪሆን። ያን ቀን ሥራ ቀርተው እስከ ሌሊት ሲጎነጉኑ፣ አራት ክር ሲተላለፍ አየሁ፤ በላይ፣ በታች፣ በላይ፣ በታች፤ ጣታቸው ሲሰነጠቅ ፕላስተር ያደርጉና ይቀጥላሉ። እናቴ ምሳ ሰዓት ላይ ተቀበለቻቸው፣ ግን እጇ ስለሚላላ የሠራችውን ፈትተው እንደገና ጎነጎኑት። ሲያልቅ ከሥዕሉ ሥር የቤተ ክርስቲያን ጧፍ አነሱና ክሩን በሰሙ ላይ አሳለፉት። ቅቤ ያለሰልስ የነበረውን ጧፉ አለሰለሰው።

ቅዳሜ የአራት ልጆች ፀጉር ሰርዘው፣ እኔን ይዘው ወረዱ። ድልድዩ ጫፍ ላይ ነፋሱ ጆሮ ይገነጥላል፤ ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣው። አጠገባችን የቆሙት እንግሊዛውያን እየተራ ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። አንዱ ሽማግሌ ክሩን በጣቱ ነካ አድርጎ "ይሄን የት ገዛሽው?" አላቸው። እሳቸው ፕላስተር በፕላስተር የሆነ እጃቸውን አሳዩት። ሽማግሌው ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳልኝና እሱም ሄደ።

ሰዓቱ ሲገፋ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። "እትዬ፣ ምላሴን ቁረጡት" አልኳቸው። "ምላስሽ ለትል አይሆንም" አሉና እጄን ስበው ጣቴን ክሩ ላይ አኖሩት። "ዝም ብለሽ አዳምጪ። ይሄ ክር አይለጠጥም፣ አይዋሽም።"

አዳመጥኩ። ማዕበሉ ይጎትታል፣ ይለቃል። ድንገት ከዚያ ሁሉ ጭቃማ ውሃ በታች አንድ ፍጡር ጣቴ ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ጮህኩ። እሳቸው ዘንጉን ወደ ላይ ብድግ አደረጉት። ዓሣው ከድልድዩ ምሰሶዎች መሃል ገብቶ ክሩን ዛጎል በወረረው እንጨት ላይ ሲፈትገው እስከ ላይ ይሰማል፤ ልክ እንደ በረንዳው ጡብ። እትዬ ዘነበች አልጎተቱም፣ አልለቀቁም። "ተዋወቁ፣ ተዋወቁ" እያሉ ለክሩ ይለምናሉ። ላይ ሲደርስ ከአራቱ ሁለቱ ተቆርጠዋል። ሁለቱ ይዘውታል።

ዓሣው ከክንዴ አይበልጥም ነበር።

እሁድ ጋሽ ወርቁ ከሁሉም ቀድመው መጡ። ሳይቀመጡ "ቅቤስ?" አሉ። እትዬ ዘነበች ክሩን ከቆርቆሮው አውጥተው ሰጧቸው። ጋሽ ወርቁ አሸተቱት፤ ደግመው አሸተቱት። "ጧፍ ነው" አሉ፤ ከዚያ የተቆረጡትን ሁለቱን ክሮች አዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያ ዓሣ ለሠላሳ ሰው እንደ ጠበል ነው የተዳረሰው። ለእኔ የደረሰኝ ከጥፍሬ ትንሽ ከፍ ይላል። ጋሽ ወርቁ አጥንት ሲመጥጡ አይቻለሁ። ስለ ስም መፋቅ ያነሳ አልነበረም።

እትዬ ዘነበች ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። የቀበራቸው ያ ማህበር ነው፤ አስታማሚው እኛ፣ አልቃሹ እኛ፣ ከአስከሬኑ ፊት የቆሙት ጋሽ ወርቁ። ለእኔ የብስኩት ቆርቆሯቸው ደረሰኝ። ውስጡ ሁለት ክሩ የተቆረጠ አርባ ሜትር ጉንጉን፣ አንድ ማበጠሪያና የጧፍ ቁራጭ አለ። ማበጠሪያው ያለ ሥራ ነው የተቀመጠው፤ ዛሬ ፀጉሬም በአራት ክር ነው የቀረው።

አርችዌይ ያለው ልጅ በስምንት የተጎነጎነውን እንድወስድ ወተወተኝ፤ ሩቅ ይወረወራል፣ ድምፅ የለውም፣ ዓሣው አይሰማም። ልጄም ስልክ ላይ ሆና "ማሚ፣ ኦንላይን ኦርደር አድርጊውና ነይ" ትላለች። እኔ የሁለቱን ክሮች ጫፍ የባንኮኒው ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ ፈተግኋቸው። ልጁ ባንኮኒውን ይሁን እኔን ያየው አላውቅም። በአራት የተጎነጎነውን ገዛሁ። የነሐሴው ተራ ዘንድሮ የእኔ ነው፤ ጋሽ ወርቁ በምርኩዛቸው ሆነው ባለፈው "ምስር ነው?" ሲሉኝ፣ አፌ አላርፍ ብሎ "ዓሣ ነው፣ በእጄ" ብያለሁ።

ቤት ገብቼ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። አዲሱ ክር ሰም ስላለው ሌላ አያስፈልገውም፤ ማሸጊያው ላይም ተጽፏል። እጄን በሳሙና ሦስቴ ታጠብኩና፣ ክሩን በጧፏ ላይ ቀስ ብዬ አሳለፍኩት። ጧፏ በየዓመቱ አዲስ ክር ባሳለፍኩባት ቁጥር እያነሰች አሁን ከጥፍሬ አትበልጥም። ለዘንድሮ ትበቃለች።