የጠዋቱ ክኒን

አባቴ የሚዋሹ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ሐኪሙ «መድኃኒቱን ጨርሰዋል?» ብሎ ሲጠይቃቸው «አንዲት ሳትቀር ጨርሻለሁ» ማለታቸውን አመንኩ። ባዶ ማሸጊያዎቹንም በዓይኔ አይቻለሁ። የጨጓራው ባክቴሪያ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ቄስ ናቸው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ በሚደረስበት የጣና ዳር ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ያስተምራሉ። በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ሰገራቸው እንደ ከሰል መጥቆሩን ሲነግሩኝ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት አመጣኋቸው። በአፍ በሚገባ የምርመራ ቱቦ ሲታይ ጨጓራቸው ቆስሎ ይደማል። ጠዋትና ማታ የሚወሰድ፣ ቁስሉን ያመጣውን ባክቴሪያ የሚያጠፋ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ታዘዘላቸው። አያቴም፣ የአባቴ አባት፣ የሞቱት በሆድ ሕመም ነበር፤ ምን እንደገደላቸው ያወቀ ሰው የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ተቃወሰ።

ከፋሲካ በኋላ ምርመራው ሲደገም ባክቴሪያው እዚያው ነበር። ሐኪሙ ሁለት ነገር ጠረጠረ። አንደኛው፣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶት ይሆናል። ሁለተኛው፣ የአባቴ ጉበት አሲድ የሚቀንሰውን ክኒን ቶሎ ይጨርሰው ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ሰው ከዘሩ ይዞት ይወለዳል፤ አሲዱ ካልቀነሰ ሌሎቹም መድኃኒቶች አቅም ያጣሉ። የትኛው እንደሆነ የሚለይ መሣሪያ እዚህ የለም። መድኃኒቶቹን ቀየረ፤ የአሲዱንም ክኒን መጠን ጨመረ።

«ይኸኛው እምቢ ካለ በእጄ ያለው አለቀ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺም ተመርመሪ። ባክቴሪያው አብሮ በመብላት ይተላለፋል።»

እሺ አልኩ። ሆዴን ሲያቃጥለኝ ወራት አልፈዋል። ግን «ከዘር» የሚለውን ከሰማሁ ወዲያ ስለ ራሴ ማወቅ አልፈለግኩም። ፈሪ ነኝ።

አባቴን ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤቴ አስቀመጥኳቸው፤ ይህን ዙር ከዓይኔ ሥር እንዲወስዱ። የሰኔ ጾም ገብቶ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ክኒኖቹን ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር አቀረብኩላቸው። ተቀብለው በወረቀት ጠቀለሏቸውና ኪሳቸው ከተቱ።

«ምን እያደረጉ ነው፣ አባ?»

«እዚሁ ደብር ቅዳሴ አለብኝ። በዘጠኝ ሰዓት ከማታው ጋር እውጠዋለሁ።»

«በዐቢይ ጾምም እንዲህ ነው ያደረጉት?»

«ታዲያ በጾም ጠዋት ውኃ ልጠጣ ኖሯል? አንዲት አልጣልሁም። የጠዋቱንም የማታውንም አንድ ላይ ዋጥሁ።»

እኔ ባዶ ማሸጊያ እየቆጠርኩ ስመጻደቅ፣ መቼ እንደሚውጡ አልጠየቅኩም። ከእሳቸው ይልቅ በራሴ ተናደድኩ። ያኔ መድኃኒቱ በቀን አንዴ ብቻ ሲወሰድ ባክቴሪያው ጊዜ አግኝቶ ተላምዶት ከሆነስ?

«ያቺ ስኳር ያለባት የንስሐ ልጅዎ በጾም ምን ላድርግ ስትልዎ ምን አሏት?»

«ብይ፣ መድኃኒትሽንም ውሰጂ አልኋት።»

«ለእርስዎስ?»

የተጠቀለለውን ወረቀት በኪሳቸው ዳበሱ። «ለራሱ የሚፈታ ቄስ የለም» አሉ። «የንስሐ አባቴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው።»

«ለምን ሌላ አልያዙም?»

«ማንን? በዚህ ያሉት ሁሉ እኔ ያስተማርኋቸው ናቸው።»

ያን ቀን የተናገርኳቸውን ሁሉ አልጽፈውም። ለአባት የማይባል ተናግሬያለሁ። ብቻ ረፋዱ ላይ በባጃጅ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሰባታሚት ወረድን፤ ድሮ ደቀ መዝሙራቸው የነበረ ወጣት ቄስ እዚያ ያገለግላል። «የኔታ!» ብሎ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል አባቴ ክንዱን ይዘው አስቀመጡትና ራሳቸው ከፊቱ ተንበረከኩ። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። የሚናገሩት አይሰማኝም፤ ልጁ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ ግን አየሁ።

ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ጠዋትም ማታም በሰዓቱ ዋጥ ብሎኛል። ሁለት ሳምንት ግን አልቀድስም።» ቄስ ከሆኑ ጀምሮ ይህን ያህል ከመቅደስ ርቀው አያውቁም። ከቦርሳዬ ሃይላንድ ውኃ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ክኒኖቹን ዋጡ።

መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ለምርመራው አንድ ወር መጠበቅ ነበረብን። ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። የሰገራቸውን ቀለም በየቀኑ ስጠይቃቸው «አሁንስ አበዛሽው» አሉኝ። ሌሊት ደግሞ እጄ ሆዴ ላይ ነው፤ ያያቴን እያሰብኩ የራሴን እዳብሳለሁ።

ሐኪሙ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «የለም» አለ። «ጠፍቷል።» እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። አባቴ ወረቀቱን አጣጥፈው፣ ያኔ ክኒኖቹን የደበቁበት ኪስ ውስጥ አስገቡት።

የግቢው በር ላይ ስንደርስ ቆሙ። «አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«ሐኪሙ ተመርመሪ ካለሽ ስንት ጊዜ ሆነው? እጅሽ ከሆድሽ ላይ ሲነሣ አይቼ አላውቅም።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ አባ።»

«እኔን ሰባታሚት ድረስ ወስደሽ ልጄ ከሚሆን ሰው እግር ሥር አንበረከክሽኝ» አሉ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም። «አንቺስ የማንን ፈቃድ ነው የምትጠብቂ?»

እጄን ይዘው ወደ ካርድ ክፍሉ መለሱኝ።