ምስሩን ምን አያያዘው?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ሳልጠረጥር የበላሁት የሰው እጅ ምግብ ትንሽ ነው። ጉልበቴ አልታዘዝ ሲለኝ የኮልፌ ቤቴን አከራይቼ ዓለም ባንክ ሰፈር ያለው የልጄ ኮንዶሚኒየም ገባሁ፤ ጥርጣሬዬም አብሮኝ ገባ። ምራቴ ጴንጤ ናት፤ ሁዳዴን አትጾምም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቀን ገድፌ አላውቅም። በስተርጅና፣ ያውም ሳላውቅ መግደፍን እንደ ሞት ነው የምፈራው።

አንድ ረቡዕ «እማዬ፣ ዛሬ የጾም በርገር ልሥራልዎት። ለግፊትዎም ጥሩ ነው፤ ጨውም ዘይትም አላበዛበትም» አለችኝ። ይባስ ብላ የወጥ ቤቱን በር ዘጋችው። የጾም ምግብ ምን በር ያዘጋል?

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በዳቦ መሀል አድርጋ አመጣችው። ምስር፣ ድንችና ካሮት ነው አለች። ቆረስ አድርጌ አየሁት፤ አይፈረፈርም። ዕድሜ ልኬን ምስር ቀቅያለሁ፤ የተፈጨ ምስር እንዲህ ተያይዞ ሲቆም አላየሁም። እንቁላል ካልገባበት ምን አያያዘው? «ትንሽ ይቀዝቅዝልኝ» አልኳት።

ቲማቲም ልትገዛ ወደ ታች ስትወርድ ወጥ ቤት ገባሁ። ያ አልታዘዝ ያለ ጉልበት የት እንደሄደ እንጃ። መጥበሻውን አሸተትኩ፤ የቆሻሻውን ፌስታል በረበርኩ። የድንች ልጣጭ፣ የካሮት ልጣጭ፣ ከሥሩ የእንቁላል ቅርፊት! ደሜ ፈላ።

ቅርፊቱን እንደያዝኩ በሩ ላይ ጠበቅኳት። «ጾሜን ልታስገድፊኝ ነው? እኔ ምን በደልኩሽ?»

ፊቷ ተለዋወጠ። አንድ ጎድጓዳ ሳህን አምጥታ አፍንጫዬ ሥር አደረገችው። የተፈጨ ተልባ ነው፤ በውሃ ተበጥብጦ ዝልግልግ ብሏል።

«ያያያዘው ይሄ ነው። መጥበሻውንም ለእርስዎ ጾም ብዬ ነው የገዛሁት፤ ሌላ ነገር ነክቶት አያውቅም።»

«ታዲያ ይሄስ?» ቅርፊቱን አሳየኋት።

«የልጅዎ ቁርስ ነው» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ልጄ! ጠዋት ጠዋት «ጾመኛ ነኝ» እያለ ምንም ሳይቀምስ የሚወጣ ይመስለኝ የነበረው ልጄ። ቅርፊቱን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። አፈርኩ፤ ተናደድኩም፣ በእሱም በራሴም። ምራቴ እጄን ያዘችኝ። «እማዬ፣ በሞቴ ማወቅዎን አይንገሩት። እንዳያዝኑበት ብሎ ነው የሚደብቅዎት።»

በርገሩን እንደቀዘቀዘ በላሁት፤ ይጣፍጣል። ለልጄም ትንፍሽ አላልኩም። አሁንም ከሥራ ሲገባ «ዘንድሮስ ጾሙ ከበደኝ እማዬ» ይለኛል። «አይዞህ ልጄ፣ ፋሲካ እኮ ቀርቧል» እለዋለሁ። ያኔ እኔና ምራቴ አንተያይም።