የታመመ አይጥ አይጾምም

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የማወጋችሁ ስለ ሳይንስ ስለሆነ፣ ኋላ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማን ነው?» እንዳትሉኝ ነው። ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ የምርምር ግቢ የነጫጭ አይጦች ተንከባካቢ ነኝ። መኖ እሰጣለሁ፣ ውሃ እቀይራለሁ፣ ከሥራቸው የሚነጠፈውን ሰጋቱራ እለውጣለሁ። ዓለም ገና በሚባለው ሰፈሬ ውስጥ ሥራዬን የጠየቀኝ ሁሉ «ድመት አይቀጥሩም ነበር ወይ?» ብሎ ይስቅብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ማታ ቤቴ ለአይጥ ወጥመድ አጥምጄ፣ ጠዋት በባጃጅ ሄጄ ለአይጥ ፍራሽ የማነጥፍ ሰው ምን እላለሁ?

አንድ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ለምርምር መጣች። ከሱሉልታ ተራራ ቅጠል ይዛለች፤ የአገሩ ሰው ለስኳር በሽታ ቀቅሎ የሚጠጣው ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ ነቅላችሁ ትጨርሱታላችሁ። አይጦቹ በመርፌ ስኳር እንዲይዛቸው ተደረገ። ግማሾቹ የቅጠሉን ጭማቂ ይወስዳሉ፣ ሳጥናቸው ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፏል። ግማሾቹ በጭማቂው ፈንታ ውሃ ብቻ ነው የሚሰጣቸው፣ የእነዚህ ወረቀት ነጭ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መኖው ይነሳል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከጅራታቸው ጠብታ ደም ተወስዶ ስኳራቸው ይለካል።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም እንዳይቀምሱ፣ አባባ» አለችኝ።

«እንደኛው ናቸዋ» አልኳት። እኔም የምጾመው እስከ ዘጠኝ ነበር።

ሳቀች። ባትስቅ ይሻል ነበር፤ ነገሩን የምር አድርጌ ያዝኩት።

የሙከራው ውጤት ሲወጣ ግቢው በሙሉ ተደነቀ። የቀዮቹ ስኳር ወርዷል፣ የነጮቹ ጣሪያ ነክቷል። ልጅቷ በስብሰባ ላይ አቀረበችው፣ ተጨበጨበላት። እኔም በር ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ፤ እንዲያውም ሰው ሁሉ ካቆመ በኋላ ብቻዬን ጥቂት ቀጠልኩ።

ከዚያ ጉልበቴ አመመኝና ቡራዩ ልጄ ቤት ሄጄ ከረምኩ። ሙከራው ዳግመኛ ሲሠራ አይጦቹን የያዘችልኝ የጽዳት ሠራተኛችን ናት፤ ያሉዋትን ብቻ የምትሠራ ሴት። ተሽሎኝ ስመለስ በሩ ላይ ጥበቃው ተቀበለኝ።

«አካም፣ ኦቦ! አይጦችህ አመፁልህ።»

«ምን ሆኑ?»

«ቅጠሉ እምቢ አላቸው። ቀዩም ነጩም አንድ ለመሆን ጥቂት ቀረው። ልጅቷ ትናንት እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለች።»

እዚህ ላይ የማፍርበትን ልናገር። አዘንኩ፤ ከሐዘኑ ሥር ግን ደስ አለኝ።

«እኔ ስለሌለሁ ነዋ!» አልኩት። «እጅ ይለያል።»

«ያንተ እጅ መድኃኒት ሆነና?»

«እንስሳ የሚወደውን ያውቃል» አልኩት፣ የጋዋኔን ቁልፍ እየቆለፍኩ። ሳምንቱን ሙሉ፣ እኔ ከሌለሁ ሳይንሱ እንደማይሠራ ላገኘሁት ሁሉ ስነግር ሰነበትኩ። የሚያሳዝነው ነገር፣ ያልኩት እውነት ነበር።

የልጅቷ ጉዳይ ግን ቀልድ አልነበረም። አንድ ሙከራ ሲደገም ውጤቱም ካልተደገመ ማንም አያምነውም አሉ። ይባስ ብሎ መምህሮቿ የመጀመሪያውን ቁጥር ከራሷ ፈጥራ ጽፋው እንዳይሆን ጠርጥረዋል። በሳምንቱ ፊታቸው ቀርባ ካላሳመነች፣ የደከመችበት ትምህርትም ስሟም እዚያው ይቀራል።

ደብተር ይዛ መጣች። «አባባ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠሩትን በሙሉ ይንገሩኝ። ትንሽ ነው ብለው እንዳይዘሉ።»

እንዲህ ተጠይቄ አላውቅም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የላይኛውን መደርደሪያ ቀድሜ እንደማጸዳ፣ ሬዲዮ እንደምከፍትላቸው፣ ሁሉን ነገርኳት። ትጽፋለች።

«መኖ በሚነሳበት ቀንስ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ አነሳለሁ። ቀዮቹ ይጾማሉ። ለነጮቹ ከኪሴ የገብስ ቆሎ ሦስት ሦስት ፍሬ ጣል አደርግላቸዋለሁ።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ምን አሉኝ?»

«ቆሎ። በሽተኞች እኮ ናቸው፣ ልጄ። ቀዮቹስ መድኃኒት አላቸው፤ እነዚህ ውሃ ብቻ። የታመመ ይጾማል እንዴ? የንስሐ አባትም ይፈቅዳሉ።»

«ሁልጊዜ?»

«አንድም ሳምንት አላጓደልኩም» አልኳት፣ ምስጋናዋን እየጠበቅሁ።

ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች ስል እየሳቀች ነበር። ሳቀች ስል ደግሞ አለቀሰች። ስትረጋጋ አስረዳችኝ፤ የነጮቹን ስኳር የሰቀለው የእኔ ቆሎ ነው፤ ቅጠሉ ተአምር የሠራ የመሰለው በዚያ ነው። ልጆቼን «የታዘዛችሁትን ብቻ ሥሩ» እያልኩ በኩርኩም ያሳደግሁ ሰው ነኝ።

«ይህን ብናገር ማን ያምነኛል?» አለች። «በምስኪን ሽማግሌ አሳበበች ነው የሚሉኝ።»

«እኔው እነግራቸዋለሁ» አልኳት። ካልኩ በኋላ የምለብሰውን ማሰብ ጀመርኩ።

በቀኑ የሠርግ ኮቴን ለብሼ ሦስት መምህራን ፊት ቆምኩ። ኮቱ ከሠርጌ ወዲህ ጠቦኛል፣ እጄን ማንሳት አልቻልኩም። የቆሎውን ነገር ከነምክንያቱ ተናገርኩ።

«ስንት ፍሬ ነበር?» አለ ባለ መነጽሩ።

«ሦስት ሦስት። ለአንዲት ደካማ አራት።»

«ለደካማዋ አራት» ብሎ ጻፈው። «ማን አዘዘዎት?»

«አንጀቴ ነው፣ ጌታዬ።»

ሁለተኛው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሳቁን እየዋጠ መሆኑ ከጀርባው ያስታውቃል። ትልቁ መምህር ግን አልሳቁም። ወደ ልጅቷ ዞረው «የሚመግባቸው ሰው የትኞቹ ቅጠሉን እንደሚወስዱ ለምን እንዲያውቅ ተደረገ?» አሏት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ።

«የእኔ ነው እንጂ!» ብዬ እጄን ሳነሳ የኮቴ ብብት ተተረተረ። እዚያ ላይ ሳቁ ከሁሉም አመለጠ፣ ከትልቁም ጭምር።

ቁጥሩን አለመፍጠሯ ታመነላት። የመጀመሪያው ውጤት ተጣለ፤ ሙከራው እንደገና ሁለት ጊዜ ይሠራ ተባለ። ቀዩና ነጩ ወረቀት ተነሳ፣ ሳጥኖቹ ቁጥር ብቻ ሆኑ። ጭማቂውንና ውሃውን የምትሰጠው ልጅቷ ናት፤ ለኔ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። በጾማቸው ቀን ሁሉም በሽተኛ መስለው ታዩኝ። ራሴን ስላላመንኩት መኖውን ባነሳሁ ቁጥር ወጥቼ ጥበቃው አግዳሚ ወንበር ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቀመጣለሁ።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?» ይለኛል።

«ሳይንስ እየሠራሁ ነው።»

«ሳይንስ እንዲህ ከሆነ እኔም ፕሮፌሰር ነኝ» ይላል።

ሁለቱም ሙከራ ያለቀ ቀን ልጅቷ ሁለት ወረቀት ይዛ እየሮጠች መጣች። ቁጥሩ ባይገባኝም መስመሮቹን አየሁ፤ ቅጠሉን በወሰዱት ላይ ስኳሩ ዝቅ ብሏል፣ ግን እፍኝ አይሞላም።

«ትንሽ ነው» አልኳት፣ እንዳላሳዝናት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ትንሽ ነው፣ አባባ» አለችና አንዱን ወረቀት በሌላው ላይ ደርባ ወደ ፀሐዩ አነሳችው። መስመሮቹ ተጋጠሙ። «ግን ሁለቴም ያው ነው።»

የዚያን ዕለት መምህሮቿ ጥናቷን አምነው ፈረሙላት።