አስራ ሁለተኛው ጠባሳ

ብቸና ላይ ባንቺዓለምን የሚያውቅ ሁሉ በቁጣዋ ነው የሚያውቃት። የቅኔ መምህሩ የየኔታ አካለ ወልድ ሚስት ናት። ባሏ ረጋ ያሉ ሰው፣ እሷ ደግሞ ውሻ ባየች ቁጥር ድንጋይ የምታነሳ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው አግብታ ምን ያስቆጣታል፣ ምንስ ያስፈራታል ይላሉ ጎረቤቶቿ። እስኪ አንድ ቀን ጠይቀዋት ያውቃሉ? አያውቁም።

የሞጣ ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ታላቅ ወንድሟን ይታገስን የገዛ ቤታቸው ቡችላ ጣቱን ነከስ አደረገው። ጭረት ናት ተብሎ ተተወ። በሁለተኛው ወር ውሃ ባየ ቁጥር እየጮኸ፣ እጅ እግሩን ታስሮ ሞተ። ውሃውን በጣሳ ይዛለት የገባችው እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ለባንቺዓለም ትንሽ የሚባል የውሻ ንክሻ የለም።

ለየኔታ ግን ንክሻ የትምህርት ወግ ነው። በተማሪነታቸው አኩፋዳ አንግተው በየደጁ ቁራሽ ሲለምኑ አስራ አንድ ጊዜ ተነክሰዋል። ይቺ የሉማሜ፣ ይቺ የአምበር እያሉ ጠባሳቸውን ለተማሪ ያሳያሉ፤ ተማሪውም ይስቃል። እሷ ጓዳ ሆና ትንገበገባለች።

አምና ጥቅምት ላይ ለሃጩ የሚዝረበረብ ውሻ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነከሳቸው። ቁስሉን በሳሙና እያጠበች ለእብድ ውሻ መርፌ እንሂድ ብትላቸው፣ አስራ አንዱ ምን አደረገኝ ብለው ሳቁ። ብትለምን አልሰሙ፣ ብታለቅስ አልሰሙ። ካልሄዱ ሞጣ እናቴ ቤት እገባለሁ፣ አልመለስም ስትል ነው የተነሱት። መድኃኒቱ ያለው ሞጣ ነው ስለተባለ በሚኒባስ ተመላለሱ፤ እሳቸው መንገዱን ሙሉ እያጉረመረሙ፣ እሷ ክንዳቸውን እንደ እስረኛ ጨብጣ። ቀጠሮውን ሁሉ ጨረሱ። ዳኑ።

ድነው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? አስራ ሁለት ጊዜ ተነክሼ ምን ሆንኩ! መርፌዋን ነገሬም አላሏት።

ዘንድሮ ስጦታው የሚባል ተማሪያቸው ከልመና ሲመለስ ባቱ እየደማ መጣ። ውሻው የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ያገኘውን ሁሉ ይናከስ ነበር አለ። ባንቺዓለም ሳሙናና ውሃ ይዛ ስትወጣ፣ የኔታ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው እግራቸውን እያሳዩት ነው። ልጁም እየደማ ይስቃል። በመምህሩ ፊት መፍራት ነውር ነዋ!

ደሟ ፈላ። በተማሪው ሁሉ ፊት አንቱታውን እርግፍ አድርጋ ተወችው።

"ጠባሳ የሚያሳየው የተረፈው ነው" አለች። "ወንድሜ ይታገስ የሚያሳያችሁ ጣት አለው? ከአስራ ሁለተኛው ያዳነህ መርፌው ነው። ይህን ልጅ በምን ልታድነው ነው፣ በሳቅ? ለመሆኑ በተማሪነትህ ካንተ ጋር የተነከሰ ሌላ ሰው አልነበረም?"

የኔታ ጋቢያቸውን መልሰው እግራቸውን ሸፈኑ።

"አምላኩ ነበር" አሉ። "ጓደኛዬ። የሉማሜው ውሻ ሁለታችንንም ነው የነከሰን። በኋላ ውሃ ስናቀርብለት ይጮህ ጀመር፤ እኛ ሌላ ነገር መሰለን። እዚያው ቀበርነው።"

ንዴቷ በረደላት? ኧረ ባሰባት እንጂ! በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር የሉማሜን ጠባሳ ወሬ እስኪሰለቻት ሰምታለች፤ የአምላኩን ስም ግን አንድ ቀን ሰምታ አታውቅም። ጎንበስ ብላ የስጦታውን ባት ማጠብ ጀመረች። ልጁ መሳቁን ትቶ ነበር።

የኔታ ከኋላዋ ቆመው የሞጣው ሚኒባስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቋት።

"ቀድመህ ሂድና አስቁመው" አለች፣ ቀና ሳትል።