ከወንዙ ማዶ የሚመጡ ቆፋሪዎች

ባለፈው እሑድ እዚህ ነቀምቴ፣ የእድራችን አዲሷ ጸሐፊ ቤቴ መጣች። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ልጅ ናት። "አዴ ዘነቡ፣ የእድራችንን የወደፊት ዕቅድ እያዘጋጀን ነው። እርስዎም ድሮ በሌላ እድር ጸሐፊ ነበሩ አሉ። ምን እንጨምርበት?" አለችኝ። ወረቀቷ ላይ አዳራሽ መሥራት አለ፣ ወንበር መግዛት አለ፣ መርዶ በስልክ መላክም አለ። ደስ ይላል። እኔ ግን ገና መልስ ሳልሰጣት የድሮው ትዝ አለኝ። እድር ስለ ነገው ሲወስን ያየሁት በፍርሃት ጊዜ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን ነበር የምንኖረው፤ አባቴን ወባ ቀድሞ ስለወሰደው ከእናቴ ጋር ብቻችንን ነበርን። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ስመለስ፣ ጽሕፈትሽ ይነበባል ብለው የእድሩ ጸሐፊ አደረጉኝ። እድሩ ወዲህ ያለነውን ሰፋሪዎችና ከወንዙ ማዶ ያሉትን ኦሮሞ ገበሬዎች አንድ ላይ የያዘ ነበር።

መንግሥት የተለወጠበት ሰሞን ነው። በየማለዳው "ማዶዎቹ ሊመጡብን ነው" ይባላል። ማዶም ስለ እኛ እንዲሁ ይባል እንደነበር ኋላ ሰማሁ። የበቆሎ እሸት ደርሶ መንደሩ ጥብስ ጥብስ ሲሸት እንኳ አፌ ላይ አልጥም ይለኝ ነበር። እናቴ በሩን ከዘጋችው በኋላ ተመልሳ ትገፋዋለች፤ ደግሞ ትመለሳለች።

እድሩ ለሁለት ይከፈል የሚለው ወሬ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ማንጎው ሥር ተሰበሰብን። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ገለታ የማዶ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ በየንግግራቸው መሐል የሚያስላቸው ሽማግሌ። "መክፈሉ አያስቸግርም። ልጆቻችን ግን ከዚያ ወዲያ የት ይገናኛሉ?" አሉና ማንም ያላሰበውን ነገር አመጡ። ከእንግዲህ ማዶ ሰው ሲሞት መቃብሩን የሚቆፍሩት የወዲህ ሰዎች ይሁኑ፣ ወዲህ ሲሞት ደግሞ የማዶዎቹ፤ የሟቹ ወገን ዶማ አያንሳ።

"ባይመጡስ?" አለ አንዱ የኛ ሰው።

"ያኔ እድር የለንም ማለት ነዋ" አሉ ኦቦ ገለታ።

እጅ ወጣ። እኔም አወጣሁ። አምኜበት አይደለም፤ ሁሉም ሲያወጣ ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው። ደንቡንም በገዛ እጄ ጻፍኩት።

ወር ሳይሞላ እናቴ በወባ ሞተች። ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ጎህ ሲቀድ አባራ፤ ጥሩምባው ተነፋ፤ ማዶ ድረስ እንደሚሰማ አውቃለሁ። ጠበቅን። ፀሐይዋ ወጥታ ቆላው መጋል ጀመረ፣ ከማዶ ግን አንድም ሰው የለም። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ዓይናቸው ግን መንገዱ ላይ ነው። እናቴ ሳትቀበር ልትውል ነው አልኩ በልቤ። ለቀብር ካልመጡ ደግሞ የሚመጡት ለሌላ ነገር ነው የሚል ሐሳብ ገባብኝ። አራት ሰዓት ሲሆን የአጎቴን ልጆች መቃብሩ ቦታ ወስጄ "ቆፍሩ" አልኳቸው።

"ደንቡስ?" አለኝ ታላቁ።

"የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ቆፍሩ!" ብዬ ጮኽኩበት።

ገና ጉልበት ድረስ ሳይወርዱ ከዳገቱ ግርጌ ሰዎች ብቅ አሉ። ሃያ ይሆናሉ። ዶማ ይዘዋል፣ አካፋ ይዘዋል፣ ገጀራም የያዘ አለ። ፊታቸው በጭቃ ተለውሶ አይነበብም። ሊገድሉን ይሁን ሊቀብሩልን መለየት አቃተኝ፤ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። የአጎቴ ልጆች ዶማቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

ከፊት የነበሩት ኦቦ ገለታ ናቸው፤ እስከ ጭናቸው ረጥበዋል። "ወንዙ ሞልቶ በላይኛው መሻገሪያ ዞረን ነው" አሉ እያሳላቸው። ከዚያ ጉድጓዱን አዩት። እኔንም አዩኝ።

"ኢንተለ ኮ፣ ሂን ሶዳቲን። አትፍሪ ልጄ" አሉና ኮታቸውን አውልቀው አስያዙኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ጥልቀቱን በአካፋ ለኩት። "ይኼማ ለእናትሽ አይበቃም" አሉ። የአጎቴ ልጆች ወጡ፣ የማዶዎቹ ገቡ።

ከቀብር መልስ ንፍሮ ሲታደል፣ አንዱ ቆፋሪ ሚስቱ "ወጥመድ ነው፣ አትሂድ" ብላ በሩ ላይ እንደተጋደመችበት ነገረኝ። ሁሉም ቤት እንዲሁ ነበር አለኝ። እኔም ማታውን ቃለ ጉባኤው ላይ "በደንቡ መሠረት ተቆፈረ" ብዬ ጻፍኩ። ኦቦ ገለታ አንብበው ፈረሙበት። እድሩም ሳይከፈል ብዙ ዓመት ኖረ።

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለጸሐፊዋ ነገርኳት። "ታዲያ ምን ልጻፍ፣ አዴ?" አለችኝ እስክሪብቶዋን ይዛ።

"አዳራሹንም ጻፊው። ግን የዘገየውን ሰው እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጠብቁ ደግሞ ተነጋገሩና ጻፉ" አልኳት።

ዘንድሮም አንገር ጉቲን ካለበት ከጊዳ አያና በኩል ስልክ ሲደወል እደነግጣለሁ። እነዚያ ሰዎች ያን ማለዳ ሚስቶቻቸውን ሰምተው ቤታቸው ቢቀሩ ኖሮ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ "አይመጡም ብዬ ማስቆፈሬ ልክ ነበር" እያልኩ እኖር ነበር። እስካሁን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።