ለቆቅ የቤት ቁጥር

ትናንት አሰላ ውስጥ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ የተቀመጠ ቁራ ቁልቁል ሲያየኝ ሳላስበው መንገድ ቀየርኩ። ጓደኛዬ ሳቀችብኝ። እኔ ግን የጭላሎ ተራራ ትዝ ብሎኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጥር ወር፣ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የመጨረሻ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ጥናቴ በተራራው ላይ፣ አስታ ከሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ በላይ፣ በሣሩ ሜዳ ስለምትኖረው ቆቅ ነበር። ቆቅ እንቁላሏን የምትጥለው መሬት ላይ ነው፤ ስትታቀፈው ከደረቁ ሣር አትለይም። ያገኘኋቸው ስድስት ጎጆዎች ዳግም እንዳይጠፉኝ፣ ከእያንዳንዳቸው አጠገብ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል ተክዬ ነበር።

መንገድ የሚመሩኝ ኦቦ ሁሴን የሚባሉ ሽማግሌ ከብት አርቢ ነበሩ። ችካሎቹን ስተክል ስቀውብኛል።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀበሌ ነሽ እንዴ? ለቆቅ የቤት ቁጥር ትሰጫለሽ?" ከዚያም ሳቁን ትተው፣ "እኛ ጎጆ ስናይ አንቆምም። እንዳላየ ሰው እናልፋለን" አሉኝ።

ለምን ብዬ ለመጠየቅ አፍሬ ችካሌን መትከል ቀጠልኩ። ዛሬም የሚቆረቁረኝ አለመጠየቄ ነው።

ያን ሐሙስ የመጀመሪያው ጎጆ ውስጥ ያገኘሁት ቅርፊት ብቻ ነበር። ሁለተኛውም እንደዚያው። ነፋሱ ቆሞ ጉሙ ከአስታው ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣ ነበር። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ ላባ ተበትኗል፤ መንቁረ ወፍራም ቁራም ችካሌ ላይ ቆሟል። ስንቀርበው አልደነገጠም። ተነሣና ወደሚቀጥለው ቀይ ጨርቅ በረረ። ሌላ ቁራ ተከተለው።

"አየሽ? ጨርቁን ተምረውታል" አሉ ኦቦ ሁሴን። አሁን አይቀልዱም።

አራተኛውና አምስተኛውም ባዶ ነበሩ። ስድስተኛዋ ቆቅ ከጉብታው ማዶ ናት፤ ከአንድ ቀን በፊት እንቁላሎቿን ታቅፋ አይቻታለሁ። ልሮጥ ስል ኦቦ ሁሴን ዱላቸውን ከፊቴ ዘረጉ።

"ተይ ልጄ! እያዩሽ ነው። አሁን ከሄድሽ ቤቷን ታሳዪያቸዋለሽ።"

"ታዲያ ችካሉስ፣ ኦቦ?"

"ነገ፣ እነሱ ሳይነሱ።"

ስንወርድ ዞር ብዬ አየሁ። ሁለቱ ቁራዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ኦቦ ሁሴን ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ አቀረቡልኝ፤ እኔ የማስበው ግን ስለ ችካሉ ነበር። ችካሉን ከነቀልኩ ጎጆዋን ዳግም አላገኛትም፤ የዓመት ልፋቴም ያለ ውጤት ይቀራል። ካልነቀልኩ ደግሞ የሚሆነውን አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ ውርጩ ጫማዬ ሥር እየተንኮሻኮሸ ብቻዬን ወጣሁ። ሳልቆም፣ ወደ ጎጆው ሳላይ፣ እግረ መንገዴን ችካሉን ነቅዬ አለፍኩ። ቆቋ ትኑር አትኑር አላየሁም። ፀሐይ ስትወጣ ከተራራው ሥር ተቀምጬ የጥናት ቅጼን ሞላሁ። ለስድስተኛው ጎጆ "አልታወቀም" አልኩ። ለአምስቱ፣ የጥፋቱ መንስኤ በሚለው ቦታ፣ "የአጥኚዋ ምልክት" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።